ከኩሬው አፍ ላይ የወደቀው መኪና

መኪና ሲገለበጥ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሹፌሩ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ጭነቱ። ስለ ወደቀበት መሬት የሚጠይቅ የለም። የበድሪያ አይሱዙ ሊበን ወረዳ ውስጥ ከአንድ ኩሬ አፍ ላይ በጎኑ የተጋደመ ዕለትም ነጌሌ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሹፌሩ ፋዲል፣ የወንድሟ ልጅ፣ ትከሻው ተሰብሮ በሕይወት ተርፏል ሲባል ሰዉ አልሐምዱሊላህ አለ። ጭነቱም አልተዘረፈም ሲባል ደግሞ አልሐምዱሊላህ አለ። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ፤ በድሪያ ከተጋደመው መኪናዋ ጋር ቀረች።

መኪናው ባሏ አብዱልሃሚድ ሲሞት ጥሎላት የሄደው ጥሪት ነው። ሱቅ አላት፤ ግን በድርቅ ዓመት ሱቅ ምን ይረባል? ከብቱ ከስቶ ገበያ ካልወጣ ስኳር የሚገዛ የለም። ቤቱን ያቆመው፣ ልጇን ፉዚያን ዩኒቨርሲቲ ያስገባው፣ እሷንም በነጌሌ ነጋዴዎች መካከል ቀና ብላ እንድትሄድ ያደረጋት ያ አይሱዙ ነበር። በዚያ በአንበጣው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አቅራቢ ድርጅት የአንበጣ መርጫ ኬሚካል በሰማያዊ በርሜል አስጭኖ ወደ ቆላው ሊልክ መኪናዋን ሲጠይቃት፣ እንኳን እምቢ ልትል ጎማውን አስቀይራ ነው የሰጠችው።

ፋዲል ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ፣ ጠያቂው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ፣ አንድ ነገር ነገራት። ከበርሜሎቹ አንዱ ከሥሩ ተሰንጥቋል። እየተንጠባጠበ ነው፤ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ እዚያው ይመጠዋል። ሽታው ብቻውን አስታውኮታል። "አክስቴ፣ ዝናብ ሳይመጣ ይነሣ" አላት።

እሷም ልታነሣው ነበር። በኋላ ብዙ ስለተወራባት ይህን ማወቅ ይገባል። በማግስቱ ጠዋት ሎደር ፍለጋ ወጥታ፣ ሻኪሶ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች ዘንድ አንድ አለ ሲሏት ስልክ እያስደወለች ሳለች ነው ቃለአብ የደረሰው።

ቃለአብ የኢንሹራንሱ ወኪል ነው። አባቱ ከሰሜን መጥተው የነጌሌን ልጅ ፊደል ያስቆጠሩ መምህር ነበሩ፤ ልጁም እንደ አባቱ ትሑት፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሽማግሌ ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሣ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ በድሪያ ምክሩን አትሰማም ነበር።

"እትዬ በድሪያ፣ ጉዳቱን የሚገምተው ሰርቬየር መጥቶ እስኪያይ ድረስ ማንም እንዳይነካው" አላት። "ከተነካ ካሳው ቀረ ማለት ነው። ደግሞ ስለ ፈሰሰው ነገር ለማንም አይናገሩ። አንድ ቃል ከአፍዎ ከወጣ ጥፋቱን አምነዋል ይላሉ፤ ካመኑ በኋላ እኔ ምንም ላደርግልዎ አልችልም።"

ሰርቬየሩ መቼ ይመጣል አለችው። በዚህ ሳምንት፣ ቢዘገይ በሚቀጥለው አላት። ሎደሩን ተወችው። በድሪያ ከሌሎቹ ባለመኪናዎች ይልቅ ጠንቃቃ ነበረች፤ ሌላው ለትራፊክ ፖሊስ የሚያሳየውን የሦስተኛ ወገን ዋስትና ብቻ ሲገዛ እሷ ሙሉውን ነው የገዛችው። ባሏ ሲሞት የቀረው ዋስትናዋ ይሄ ነው ብላ ታምን ነበር። እምነት ደግሞ ሰውን እጁን አጣጥፎ ያስቀምጠዋል።

እንዲያውም ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ በየቢሮው ዞራለች። ወረዳው መኪናውን ማንሣት የባለንብረቷ ግዴታ ነው አለ። አቅራቢው ድርጅት በስልክ፣ ዕቃው ለተቀባዩ እስኪደርስ ድረስ ኃላፊነቱ የአጓጓዡ ነው አለ። የመንገድ ሰዎች፣ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ስለወደቀ አይመለከተንም፣ መንገዱን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን እናነሣው ነበር አሉ። የአካባቢ ጥበቃው ባለሙያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አዘነ፤ ሎደር ግን የለኝም አለ። ሁሉም ልክ ነበሩ። በዚህ አገር ሰው የሚያልቀው ልክ የሆነ ሰው በዝቶ ነው።

ኩሬው ባለቤት የሌለው አልነበረም። ቦረናዎቹ ሐሮ ይሉታል፤ በእጅ የተቆፈረ፣ የዝናብ ውኃ የሚያቁር፣ አካባቢው ሁሉ ከነከብቱ የሚጠጣው ነው። ከእሱ አቅራቢያ ጉያቱ ትኖራለች። ጉያቱ ለበድሪያ ከእህት አታንስም። በድሪያ ፉዚያን የወለደች ጊዜ ታማ ጡቷ ሲደርቅ፣ ያን ጊዜ ወተት ይዛ ወደ ነጌሌ ገበያ የምትመጣው ጉያቱ ልጇን ዋሪዮን ከአንዱ ጡት፣ ፉዚያን ከሌላው አድርጋ ነው ያሳደገቻቸው። በእስልምናም በቦረናም የጡት ልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ ዋሪዮ ደውሎ ሽማግሌው ይፈልጉሻል ሲላት፣ በድሪያ መቅረት አልቻለችም።

ሽማግሌው ዱባ ናቸው፤ አባ ሄሬጋ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያወጡ፣ ሲያስፈልግም ውኃውን በእሾህ አጥር የሚዘጉና የሚከፍቱ እርሳቸው ናቸው። አጥራቸው ከጉልበት ባይበልጥም እሳቸው የዘጉትን ማንም አያልፈውም። በድሪያ ስትደርስ ዱባ ከግራር ሥር ቆመው ነበር። አካም፣ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ፣ ልጆቹ ናጋ ተባባሉ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ በዱላቸው መኪናውን አሳዩአት።

"ልጄ፣ ዕቃው ያንቺ ነው። በውስጡ ያለውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ወደ ውኃው ይደርሳል? ዝጋ ካልሽኝ አሁን እዘጋለሁ።"

እንግዲህ ይህን ነገር ከተሜ አያውቀውም። በዚያ አገር ሰው ስለ ከብቱ ብዛት ይዋሻል፤ ስለ ዋጋ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ጎረምሳ ጀብዱማ እንዴት አይዋሽ! ስለ ውኃ የተጠየቀ ሰው ግን አይዋሽም። ስለዚህም በውኃ ነገር መሐላ አይጠየቅም፣ ምስክር አይቆጠርም። አንድ ሰው ውኃው ናጋ ነው፣ ማለት ደኅና ነው፣ ካለ ነገሩ በዚያው አለቀ። በድሪያ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

ወደ ታች አየች። ውኃው ከኩሬው ወለል ላይ ጥቂት ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። መኪናው ከላይ ከአፉ ላይ ነው፤ ከበርሜሉ ሥር መሬቱ በሰፊው ጠቁሯል። በጠቆረው መሬትና በውኃው መካከል ግን ደረቅ ቁልቁለት አለ። ዛሬ ውኃው ንጹሕ ነው አለች በልቧ። ሐሰት አልነበረም። ደግሞ ይሄ ከተዘጋ ያላቸው የዳዋ ወንዝ ነው፤ በዚህ ክሳት የትኛዋ ላም ነው ዳዋ የምትደርሰው? ሰርቬየሩ ከዝናቡ ይቀድማል። ባትናገር ለእነሱም ይሻላል። ሰው ለራሱ የፈለገውን ነገር ለሌላው የሚጠቅም አስመስሎ ማየት ሲጀምር፣ ዲያብሎስ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።

"ውኃው ናጋ ነው" አለች።

ዱባ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ አልጠየቁም። ወዲያው ጉያቱ ጄሪካኗን ይዛ ወረደች። ስትመለስ ከከሳች ላሟ ያለበችውን ጥቂት ወተት በጮጮ አድርጋ ፉዚያ ስለሌለች አንቺ ጠጪልኝ ብላ ሰጠቻት። በድሪያ እምቢ ብትልም አልሰማቻትም። የጉያቱ የልጅ ልጅ፣ የዋሪዮ ሕፃን፣ ቀሚሷን ይዛ ከኋላዋ ቆማ እንግዳዋን ታያለች።

ሰርቬየሩ በዚያ ሳምንት አልመጣም፤ በሚቀጥለውም አልመጣም። አዲስ አበባ ኮሮና ገባ፣ ሰው ከቤት አትውጡ ተባለ፣ ሰርቬየሩም ሰው ነውና ከቤቱ አልወጣም። ፉዚያ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ቤት መጣች። በድሪያ ቃለአብን ቢያንስ በርሜሎቹን ላውርዳቸው አለችው፤ አለቆቹን ጠይቆ አይቻልም አላት። ሸራ ላልብሰው አለችው፤ ሸራ ማልበስም መነካካት ነው አሉ ብሎ፣ ራሱም አፍሮ፣ መለሰላት። ሰማዩ በቦረና በኩል መክበድ ጀመረ። የነጌሌ ሰው ዝናቡን በናፍቆት ቀና ብሎ ሲያይ፣ በድሪያ ብቻ ጎንበስ ብላ ትሄዳለች።

ፉዚያ ነገሩን ከፋዲል ሰምታ ነበር። "እማ፣ ጉያቱን ንገሪያት። ለሽማግሌው አትንገሪ፣ ለሷ ብቻ ንገሪያት" አለቻት። በድሪያ እነግራታለሁ፣ ሰርቬየሩ ፈቃድ ሊያገኝ ነው፣ ነገ ደውዬ እነግራታለሁ አለች። ልጅቱ ስልኩን አንሥታ ዘረጋችላት። በድሪያ ከእጇ ወስዳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ጊዜ እንዳላት አምና ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ግን ደግሞ ፈርታ ነበር። ጉያቱን መንገር ማለት፣ ያን ዕለት ከግራሩ ሥር ያልኩት ልክ አልነበረም ማለት ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ነጌሌ በደስታ ዘለለች ማለት ይቻላል። ነጋዴው ሱቁን ጥሎ ወጣ፣ ሴቶች ባልዲውን ሁሉ ከጣሪያው ሥር ደረደሩ፣ ተኳርፎ የከረመ ጎረቤት እንኳን ለዚህ አበቃን ተባባለ። ለበድሪያ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ድንጋይ ነበር። ለዋሪዮ ደወለች፤ አይነሣም። ደግማ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። መኪና ፈለገች፤ በዚህ ዝናብ የሊበንን ጭቃ የሚደፍር ሹፌር አልተገኘም። ሰግዳ ለመነች። የለመነችው ከብቶቹ ሜዳው ላይ በተቋጠረው ውኃ ረክተው ወደ ኩሬው እንዳይወርዱ ነበር።

ሲነጋ ፒካፕ ተከራይታ ወጣች። ሩቅ አልሄደችም። ከከተማው ወጣ እንዳለች አንድ የጭነት መኪና ወደ ነጌሌ ሲመጣ አየች፤ ላዩ ላይ ዋሪዮ ቆሟል። እግሩ ሥር ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎች ተኝተዋል፤ አንዷ ትንሽ ናት። ሹፌሩን ፒካፑን አዙር አለችው።

ሆስፒታል ጉያቱና የልጅ ልጇ ጎን ለጎን ተኙ። አፋቸው አረፋ ይደፍቃል፤ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሕፃኗ ትንፋሽ ያጥራታል። ዶክተር ረሆቦት የምትባል ወጣት ሐኪም የዓይናቸውን ብሌን በባትሪ እያየች፣ ምን ጠጡ፣ ምን በሉ ትላለች። ዋሪዮ ውኃ ነው ይላል። ውኃ እንዲህ አያደርግም ትላለች። የጠረጠረችው ነገር አለ፤ ግን ዝናቡ የስንቱን ቆሻሻ እንዳጠበ ማን ያውቃል። ምን እንደሆነ ካላወቅሁ የምሰጣቸው መድኃኒት ራሱ ሊጎዳቸው ይችላል አለች።

ቃለአብ በር ላይ ደርሶ ነበር። በድሪያን በክንዷ ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣት፤ ሸሚዙ በጭቃ ተበላሽቷል። "ሰርቬየሩ ዛሬ ተነሥቷል። ነገ እዚህ ነው። እባክዎ፣ ዛሬን ብቻ ዝም ይበሉ። ሐኪም ናት፣ ራሷ ትደርስበታለች" አላት። ሲናገር ወደ ክፍሉ አይመለከትም፤ ወለሉን ነው የሚያየው።

በድሪያ መኪናዋን አሰበች። አላሰበችም ብል ውሸት ነው። ወደ ውስጥ ተመለሰች።

"የአንበጣ መርጫ ነው" አለች። "በርሜሉ የተሰነጠቀው የወደቀ ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር።"

ዶክተሯ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ነርሷን የመርዙን ማርከሻ እንድታመጣ ላከቻት። ዋሪዮ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቆሞ ነበር። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ለሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል፣ በዝግታ ነገራት።

"ትናንት ውኃው ሲሞላ ላዩ ላይ ዘይት የመሰለ ነገር ነበረው። ሸተተን። ዱባ እንዝጋው አሉ። እናቴ ግን በድሪያ ናጋ ነው ብላለች፣ በድሪያ ስለ ውኃ አትዋሽም አለች። ቀድማ ጠጣች። ጠጥታ አሳየችን።"

ሕፃኗ ዳነች። ጉያቱ እኩለ ቀን ላይ ሞተች። ኩሬው ዙሪያ የወደቀውን ከብት ማንም አልቆጠረውም፤ ዱባ ሌላው እንዳይጠጣ ኩሬውን በእሾህ ዘግተው ከፊቱ ተቀምጠው ነበር። በድሪያ ለቅሶ ሄደች። አባርሩኝ ብላ ነበር የሄደችው፤ ማንም አላባረራትም፣ መቀመጫ ሰጧት። ፉዚያ እንደ ልጅ መሬት ላይ ተንከባላ ስታለቅስ፣ እናቷ ግን የምታለቅስበት መብት ያላት አልመሰላትም። ሳታለቅስ ተመለሰች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሰርቬየሩ በማግስቱ መጣና መኪናውን በአራቱም ማዕዘን ፎቶ አነሣው። ከአዲስ አበባም ልብስና ጭንብል የለበሱ ሰዎች መጥተው በርሜሎቹን ወሰዱ፤ መኪናውንና መሬቱን እዚያው ተዉት። የኢንሹራንሱ መልስ ሲመጣ፣ ባለንብረቷ ፍሳሹን እያወቀች ስለሸሸገች ውሉ ፈርሷል የሚል ነበር። ሸሽጊ ያልኳት እኔ ነኝ ብሎ ቃለአብ ለአለቆቹ ተናገረ ይባላል፤ በጽሑፍ የለም አሉት። ደግሞም ውሉ ባይፈርስ እንኳ፣ አሉ፣ ከአደጋ በኋላ ፍርስራሽ ማንሣት ለብቻው የሚገዛ ዋስትና ነው፤ በድሪያ አልገዛችውም። ያን ሁሉ ቀን እጇን አጣጥፋ የጠበቀችው ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ተረት የሚታወሰን ከተበላን በኋላ ነው።

ከዚያ ክሱ ጀመረ። ወረዳው እሷን ከሰሰ፤ እሷ አቅራቢውን ከሰሰች፤ አቅራቢው ሁለቱንም። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ እየሰጠ፣ ዳኛ እየተቀየረ፣ አይሱዙው ከኩሬው አፍ ላይ ክረምትና በጋ አለፈበት። ያነሣው እንደሆነ ኃላፊነቱን የተቀበለ እንዳይመስል ሁሉም ጠበቃ ደንበኛውን እንዳትነካው ብሎ መከረ።

በመጨረሻ በድሪያ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ ተወች። ከአብዱልሃሚድ ጋር የሠሩትን ቤት ሸጣ ከሻኪሶ ሎደርና ጎታች መኪና ተከራየች፤ መሬቱንም ቆፍሮ የሚወስድ ገልባጭ ጨመረችበት። እሷና ፉዚያ በሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ገቡ። ሎደሩ ጭሱን እያንቦለቦለ ከኩሬው ሲደርስ ዱባ ከእሾሁ አጥር ፊት ቆመው አገኟቸው። ዕድሜ ጎንበስ አድርጓቸዋል። ላነሣልዎት መጣሁ አለቻቸው። መኪናውን አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩ።

"ተዪው" አሏት።

መሬቱንም እንደምታስቆፍር ነገረቻቸው። ምን ያህል ድረስ ነው የምትቆፍሪው አሏት፤ አታውቅም። በርሜሎቹን የወሰዱት ሰዎችም አላወቁም። ማንም አያውቅም።

"ልጄ፣ እሾህ ይበሰብሳል። እኔም እሞታለሁ። ነገ ሣሩ ሲበቅል ከሩቅ የመጣ የተጠማ ሰው ከብቱን ይዞ ቢደርስ፣ እንዳይጠጣ የሚነግረው ምንድን ነው? ብረቱ ይቆይ። አየነው፣ ከብረቱ በቀር ለዚህ ውኃ እውነቱን የሚናገርለት የለም።"

ይህን ሲሉ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የከብት ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የሚናገሩት። በድሪያ እዚያው ጭንጫው ላይ ተቀመጠች። ለጉያቱ ለቅሶ ያልወጣው ድምፅ ያን ጊዜ ወጣ። ዱባ አላባበሏትም፤ ግን እስክትጨርስ ድረስ ቆመው ጠበቋት። የሎደሩ ሹፌር ታዲያ ምን እናድርግ ሲል ከእናቷ ጋር የመጣችው ፉዚያ እንመለስ አለችው።

አሁን በድሪያ ከሱቋ ናት። ድርቁ ሲረግብ ሱቁም ትንሽ ተንቀሳቅሷል። በቅርቡ አንድ ቀን ከተልተሌ በኩል ከብት እየነዳ የመጣ ሰው ስኳርና ሻይ ቅጠል ሊገዛ ገባ። አካም፣ ናጋ ተባባሉ። ሊበንን አቋርጦ ሊያልፍ ነው፤ ውኃ የት የት እንዳለ እየጠየቀ ነው። በቦረና ኩሬ በቆፈረው ሰው ስም ነው የሚጠራው፤ ያም ኩሬ ከትውልድ ጀምሮ የዱባ አያት ስም ነበረው። ሰውየው ግን በመንገድ የነገሩትን ነው የሚያውቀው።

"ሐሮ በድሪያ የሚሉት የቱ ነው?" አላት። "ከብቶችህን እንዳታጠጣበት ብለው አስጠንቅቀውኛል። እንዳልሳሳት ብዬ ነው።"

በድሪያ ስኳሩን ከሚዛኑ ላይ አወረደች። ከጀርባ ፉዚያ የምታደርገውን ትታ ብቅ አለች።

"በስተቀኝህ ነው" አለችው። "የወደቀ መኪና አለበት፤ ከሩቅ ይታያል። በሱ በኩል እንዳታልፍ።"

አላህ ይስጥሽ አላት። ስኳሩን ቋጥራ ሰጠችው።